ምዕራፍ ስድስት፦ በሰላምታውና በመልሱ መካከል

ባለፈው ምዕራፍ የጥንት ሠዓልያን በቅዱሳን ራስ ዙሪያ ስለሚከቡት የብርሃን አክሊልና ከበስተ ኋላቸው ስለሚያነጥፉት ወርቅ ስንነጋገር፣ ሥዕል ለዓይን የማይታየውን ነገር በሚታይ ምልክት የማመልከት ልማድ እንዳለው አይተን ነበር። አሁን ደግሞ ከዚያ የባሰ የሚያስቸግር ነገር ይገጥመናል፤ ይኸውም ሥዕል በተፈጥሮው ዝም ያለ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ንግግርን አሳይ ተብሎ ሲታዘዝ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ብሥራት የምንለው ታሪክ፣ ማለት መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ወደ ድንግል ማርያም ተልኮ አምላክን እንደምትወልድ የነገረበት ታሪክ፣ በሉቃስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቁጥር 26 እስከ 38 ተጽፎ ይገኛል። አንባቢ ወንጌሉን ገልጦ እነዚህን 13 ቁጥሮች በዝግታ ቢመለከታቸው፣ ሠዓሊን የሚያስጨንቅ አንድ ነገር ያገኝባቸዋል፤ ድርጊት የለባቸውም ማለት ይቻላል። መልአኩ ይገባል፣ በመጨረሻም ይሄዳል፤ በመካከሉ ያለው ሁሉ ቃል ነው። መልአኩ ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ድንግል ሁለት ጊዜ ትመልሳለች፤ ባሕር አይከፈልም፣ ሙት አይነሣም፣ ከተማ አይቃጠልም። ይሁን እንጂ የክርስቲያን ዓለም ሠዓልያን ደጋግመው ከሣሏቸው ታሪኮች አንዱ ይኸው ነው።

በዚህ ምዕራፍ ለአንባቢ ልሰጠው የምፈልገው ቍልፍ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው። ብሥራት ጭውውት ስለ ሆነ፣ ማንኛውም የብሥራት ሥዕል ያንን ጭውውት ከአንዱ ቃል ላይ ያቆመዋል፤ ሥዕሉ የቆመበትን ቃል ያገኘ ሰው የሠዓሊውን አሳብ፣ አልፎም የሠዓሊውን ነገረ መለኮት አገኘ ማለት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የተላከውና የተጠየቀችው

በአገራችን ሽማግሌ የተላከበትን ቤት ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከደጃፍ ይቆማሉ፤ ግቡ ተቀመጡ ሲባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፤ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ የአባትየው አንገት መድፋትና እስቲ ልምከርበት ማለት፣ በመጨረሻም ቀጠሮ ወይም እሺታ ይከተላል። ይህን ቀን ሣልልኝ የተባለ ሠዓሊ ሁሉንም በአንድ ሸራ ላይ ሊያሰፍረው አይችልምና፣ ደጃፍ ላይ የቆሙትን ሽማግሎች ወይም ያቀረቀረውን አባት ወይም የእሺታውን መጨባበጥ መምረጥ አለበት፤ የመረጠውም ቅጽበት የነገሩን ሁሉ ትርጕም ይለውጠዋል።

ነገር ግን ይህ ንጽጽር ራሱ የሚሰበርበት ስፍራ አለ፤ የሚጠቅመንም የተሰበረበት ነው። በእኛ ልማድ ሽማግሌ የሚጠይቀው አባትን ነው፤ ልጅቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ቢበዛ ጆሮዋን ታቀርባለች። ገብርኤል ግን አባትንም አልጠየቀ፣ እጮኛዋን ዮሴፍንም አላማከረ፤ ሁለቱንም አልፎ በቀጥታ ከእርሷ ዘንድ ገባና እርሷን አነጋገረ። የእሺታው ባለቤት ራሷ ልጅቱ ሆነች። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የፈረንሳዩ መነኩሴ በርናርዶስ ዘክሌርቮ ስለ ድንግል በጻፋቸው ድርሳናት፣ አዳምና ነቢያት፣ በሞት ጥላ የተቀመጡት ሁሉ መልሷን ሲጠባበቁና ቶሎ ተናገሪ ብለው ሲማጠኗት አድርጎ አቅርቦታል። ደፋር አሳብ ነው፤ ሰማይና ምድር የአንዲት ናዝሬታዊት ልጅ አፍ እስኪከፈት ድረስ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ ማለቱ ነውና። ይሁን እንጂ ከአሳቡ በታች ያለው ትምህርት ጥንታዊ ነው፤ እግዚአብሔር የሰውን ልጅ ለማዳን ሲመጣ እንኳ የሰውን ፈቃድ ሰብሮ አልገባም የሚል ነው።

አምስቱ የልብ ደረጃዎች

የኢጣሊያ ሠዓልያን ይህን ጭውውት እንዴት እንደ ከፋፈሉት ለማወቅ፣ ከሠዓልያኑ ይልቅ ሰባኪዎቻቸውን መስማት ይበጃል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በአደባባይ ስብከቱ ስመ ጥር የነበረ ሮቤርቶ ካራቾሎ የሚባል የፍራንሲስካውያን መነኩሴ፣ በብሥራት በዓል ሲሰብክ የድንግልን ልብ በአምስት ደረጃ ከፍሎ ያስተምር ነበር። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ይህ ሰላምታ ምን ይሆን ብላ አሰበች፤ ቀጥሎ ጠየቀች፤ ቀጥሎ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታዘዘች፤ በመጨረሻም መልአኩ ከሄደ በኋላ ጸጋን ተሞልታ ቀረች። ማይክል ባክሳንዶል የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ስብከት ከሥዕሎቹ አጠገብ ካስቀመጠው ወዲህ፣ ቀድሞ እጆቿን የምታንቀሳቅስ ቆንጆ ሴት ብቻ ትመስል የነበረችው ማርያም በየሥዕሉ ውስጥ የተለየ ቃል የምትናገር ሆና ትታይ ጀመር። እጇ ወደ ላይ ከተነሣ ደንግጣለች፤ ክንዶቿ በደረቷ ላይ ከተመሳቀሉ ታዝዛለች።

ከአምስቱ ሁሉ ሠዓልያንን የፈተነው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ድንጋጤን ያለ መጠን የሣለ ሠዓሊ ቅድስናን ያጣል፤ ድንጋጤን ጨርሶ ያስቀረም ወንጌሉን ያጣል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስለ ሥዕል ከተዋቸው ማስታወሻዎች በአንዱ፣ አንድ የብሥራት ሥዕል እንዳየና መልአኩ እመቤታችንን እንደ ክፉ ጠላት ከክፍሏ የሚያባርራት፣ እርሷም ተስፋ ቆርጣ በመስኮት ልትወረወር የደረሰች መስላ እንደ ታየችው እየተሣለቀ ጽፏል። ነቀፋው የጠቢብ ነቀፋ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሊዮናርዶ ከሞተ በኋላ፣ በ1534 ገደማ ሎሬንዞ ሎቶ ሬካናቲ በምትባለው ከተማ ባለው ሥዕሉ ከዚያም አብልጦ ደፍሯል፤ ማርያም ጀርባዋን ለመልአኩ ሰጥታ፣ ሁለት መዳፎቿን ወደ እኛ ዘርግታ፣ ድረሱልኝ የምትል ትመስላለች፤ በወለሉም መካከል አንዲት ድመት ጀርባዋን ቈልምማ ትሸሻለች። ብዙዎች በድመቲቱ ይሥቃሉ። ነገር ግን ከሰማይ የመጣ እንግዳ በድንገት በቤት ውስጥ ሲቆም እንስሳ የማይደነግጥበት፣ ሰውም ልብሱን አስተካክሎ በጸጥታ የሚንበረከክበት ሥዕል፣ ለእኔ ከሎቶ ሥዕል ይልቅ የራቀ ሆኖ ይታየኛል።

ጥያቄዋ ለምን አልተነቀፈም

በጭውውቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ደረጃ፣ ጥያቄው፣ ከሠዓልያን ይልቅ የነገረ መለኮት ሊቃውንት የተቀመጡበት ስፍራ ነው። ያው ገብርኤል ከስድስት ወር በፊት ለካህኑ ለዘካርያስ ተገልጦ ነበር፤ ዘካርያስም ጠየቀ፤ ስለ ጠየቀም አንደበቱ ተዘጋ። ማርያምም ጠየቀች፤ እርሷ ግን ማብራሪያ ተሰጣት። ለምን ይህ ልዩነት ሆነ? መምህራን ሲያስረዱ፣ ዘካርያስ የጠየቀው ነገሩ እውነት ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ድንግል የጠየቀችው ግን ነገሩ የሚሆንበትን መንገድ ነው ይላሉ። እርሱ ይሆን አይሆን አለ፤ እርሷ ግን ይሆናል የተባለው ወንድ ለማታውቅ ድንግል በምን ሁኔታ ይሆናል አለች። በሽምግልና ዕድሜ መውለድ በአብርሃምና በሣራ የታየ ነበርና ዘካርያስ ምሳሌ ነበረው፤ ድንግል ግን ወደ ኋላ ብትመለከት የምትጠቅሰው ምሳሌ አልነበራትም።

ከዚህም ጋር ሌላ ነገር ይያያዛል። ከ2ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ፣ ዮስጢኖስ ሰማዕትና ከእርሱ በኋላ የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ፣ ማርያምን ከሔዋን ጋር እያነጻጸሩ ጽፈዋል። ሔዋንም ድንግል ሳለች የመልእክተኛ ቃል ሰማች፤ ሰምታም ሳትመረምር ተቀበለች። ማርያምም የመልእክተኛ ቃል ሰማች፤ ነገር ግን መረመረች፣ ጠየቀች፣ ከዚያ በኋላ ታዘዘች። ሄሬኔዎስ ይህን የገለጠው በቋጠሮ ምሳሌ ነው፤ በአንዲቱ አለመታዘዝ የተቋጠረው በሌላይቱ መታዘዝ ተፈታ አለ። ከዚህ የተነሣ የድንግል መዘግየት ጥርጥር ሳይሆን ጥበብ ሆኖ ይቈጠራል፤ በሔዋን የደረሰውን የምታውቅ ልጅ ብርሃን ለብሶ የመጣውን ሁሉ መልአክ ነው ብላ አትቀበልምና። ፍራ አንጀሊኮ ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር በሚገኘው ሥዕሉ ይህን ትምህርት ያለ አንዳች ጽሕፈት አስቀምጦታል፤ በቀኝ በኩል ገብርኤልና ማርያም በአዳራሹ ውስጥ ሲነጋገሩ፣ በግራ በኩል አዳምና ሔዋን ከገነት አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ይታያሉ፤ የብርሃኑም ጨረር ከእነዚያ ራስ በላይ ተነሥቶ ወደዚህች ደረት ይወርዳል።

ድምፅን በቀለም

የብሥራት ቃል በጆሮ ገብቶ ሥጋ ሆነ የሚለው አነጋገር በሶርያውያን አባቶች፣ ከሁሉም በላይ በቅዱስ ኤፍሬም ዘንድ የተወደደ ነው፤ ሞት በሔዋን ጆሮ እንደ ገባ ሕይወትም በማርያም ጆሮ ገባ ይላሉና። ጆሮ እንግዲህ የምሥጢሩ በር ነው። ዓይን ብቻ ያለው ሠዓሊ ግን በጆሮ የሚያልፈውን ነገር በምን ያሳይ?

ሲሞኔ ማርቲኒ ከአማቹ ከሊፖ ሜሚ ጋር በ1333 ለሲየና ካቴድራል በሠራው፣ ዛሬ ግን በፍሎረንስ ኡፊትሲ ቤተ መዘክር በሚገኘው ሥዕል ላይ መልሱን በቀጥታ ሰጠ፤ ቃሉን ጻፈው። መልአኩ ገና አሁን ያረፈ ነው፤ ካባው ከበስተ ኋላው እንደ ተንሳፈፈ አልረጋም። ከአፉ የወጣው የላቲን ሰላምታ በወርቁ መደብ ላይ ከፍ ብሎ በተቀረጸ ፊደል፣ አንድም ስፍራ ሳይጎብጥ ወደ ድንግል ጆሮ ይጓዛል። እርሷ ግን ትከሻዋን አዙራ፣ ጥቁር ሰማያዊ መጐናጸፊያዋን ወደ አንገቷ ሰብስባ ታፈገፍጋለች። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ግራ እጇ ነው፤ ታነብበው የነበረውን መጽሐፍ ዘግታ፣ ያቆመችበት ገጽ እንዳይጠፋት አውራ ጣቷን በመካከሉ አስገብታለች። የዓለም ታሪክ ሊለወጥ በቀረበበት ቅጽበት፣ ወደ ንባቧ እንደምትመለስ የምታስብ ልጅ ናት። ሥዕሉ የቆመበት ቃል የመጀመሪያው ቃል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምልክት አላውቅም።

ከሲሞኔ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ ባለቅኔው ዳንቴ ተመሳሳዩን ነገር በቃል ሠርቶት ነበር። በመለኮታዊ ኮሜዲያ ሁለተኛ ክፍል፣ በአሥረኛው መዝሙር፣ ትዕቢተኞች በሚነጹበት ተራራ ግድግዳ ላይ ብሥራት በዕብነ በረድ ተቀርጾ ያያል፤ ቅርጹም እንዲህ ሕያው ከመሆኑ የተነሣ መልአኩ ሲናገር የሚሰማ ይመስለዋል። ባለቅኔው ይህን ሥራ የሰው እጅ ሊሠራው የማይችል የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ማቅረቡ ለሠዓልያን ትንሽ ስድብ፣ ትልቅም ፈተና ነው።

ሌላው የፍላንድሩ ሠዓሊ ያን ቫን አይክ ነው። በ1430ዎቹ ዓመታት የሣለው፣ አሁን በዋሽንግተን ያለው ብሥራት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈጸም ነው። የመልአኩ ሰላምታ እንደ ተለመደው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ የድንግል መልስ ግን ፊደሉ ተገልብጦ ተጽፏል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው የማያመች ጽሕፈት ነው፤ የተጻፈው ከላይ ሆኖ ለሚያነብ ነውና። መልሱ ለመልአኩም ለእኛም ሳይሆን ለላኪው የተሰጠ ነው ማለቱ ነው። ፍራ አንጀሊኮም ኮርቶና በሚገኘው ሥዕሉ ይህንኑ አድርጓል። ሲሞኔ የመጀመሪያውን ቃል ሣለ ካልን፣ እነዚህ የመጨረሻውን ሣሉ።

እንዝርትና መጽሐፍ

አንባቢ የብሥራትን ሥዕል ሲያይ ቀጥሎ ወደ ድንግል እጅ ይመልከት። በምዕራቡ ዓለም ከጊዜ በኋላ የሚበዛው መጽሐፍ ነው፤ በምሥራቁ ግን ፈትል ነው። ፈትሉ በሉቃስ ወንጌል የለም፤ የመጣው በ2ኛው ምዕተ ዓመት ከተጻፈውና በያዕቆብ ስም ከሚጠራው የልደተ ማርያም ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ መሠረት ድንግል ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆን ክር እንድትፈትል ዕጣ ወጥቶላት ነበር፤ መጀመሪያም ውሃ ልትቀዳ በወጣች ጊዜ ድምፅ ሰማች፤ ተንቀጥቅጣ ወደ ቤቷ ገብታ ለመፍተል ስትቀመጥ መልአኩ ተገለጠላት። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኤፌሶን ጉባኤ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ በተሠራው ሞዛይክ፣ ማርያም እንደ ንግሥት ለብሳ ሐምራዊ ሱፍ ትፈትላለች። በእኛም አገር ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ብሥራት እንደ ተነገራት በየቤተ ክርስቲያኑ ይተረካል፤ በጥንት የብራና ወንጌሎቻችንም ፈትሉን በእጇ ይዛ የምትታይባቸው ሥዕሎች አሉ።

ፈትሉ ጌጥ ብቻ አይደለም። የኤፌሶን ጉባኤ በ431 ድንግልን ወላዲተ አምላክ ብሎ ከማጽናቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጵሮቅሎስ በቁስጥንጥንያ ንስጥሮስ ተቀምጦ እየሰማው በሰበከው ታላቅ ስብከት፣ የድንግልን ማኅፀን መለኮትና ትስብእት የተዋሐዱበት የሸማኔ መሥሪያ አድርጎ ገልጦታል። በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ስንናገር ያነሣነው ተዋሕዶ እዚህ በክር ይታያል ማለት ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በኖቭጎሮድ የተሠራውና ዛሬ በሞስኮ የሚገኘው የኡስቲዩግ ብሥራት ይህን ወደ ጫፍ አድርሶታል፤ ቀዩን ክር በያዘችው ድንግል ደረት ላይ የሕፃኑ መልክ በስሱ ተሥሎ ይታያል፤ ክሩና ሥጋው በአንድ ላይ የሚፈተሉ ይመስላሉ።

ሰላምታውን የወረሱት

ሠዓሊ ከጭውውቱ አንድ ቃል ይመርጣል ብለናል፤ ባለቅኔ ግን ይህ ችግር የለበትም፤ የመረጠውን ቃል ሺህ ጊዜ ሊደግመው ይችላልና። የአገራችን ድርሰት የመረጠው ሰላምታውን ነው። በትውፊታችን ለቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የሚሰጠው፣ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያም የገብርኤልን ሰላምታ እያነሣ ይመለስበታል፤ መልክአ ማርያምም፣ እንደ መልክዕ ድርሰቶች ሁሉ፣ ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር አካሏን እየጠራ በየአርኬው ሰላም ይላታል። የዚህ ድርሰት ደራሲ፣ ድርሰቱን የሚደግመውም ሰው፣ ሳያስቡት ከመልአኩ ስፍራ ይቆማሉ። በፍሎረንስ የሳን ማርኮ ገዳም ፍራ አንጀሊኮ ከደረጃው ራስ ላይ ከሣለው ታላቁ ብሥራት ሥር የተጻፈውም ማሳሰቢያ ይህንኑ የሚጠይቅ ነው፤ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚያልፍ መነኩሴ ሰላምታውን ሳያደርስ እንዳያልፍ ያዝዛል።

ስለ በዓሉ ቀን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ። ፅንሰቱ የሚታሰብበት መጋቢት 29 ቀን፣ በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ማርች 25 ሲሆን፣ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ወራት አካባቢ ስለሚውል በደስታ ለማክበር ያስቸግራል። ስለዚህ የብሥራት በዓል በእኛ ዘንድ ታኅሣሥ 22 ቀን ይከበራል፤ ተአምረ ማርያምም ይህን ሥርዓት ከጥልጥልያው ኤጲስ ቆጶስ ከደቅስዮስ ጋር ያያይዘዋል። ይህ ደቅስዮስ የእስፓንያዋ የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። በ656 የተሰበሰበው የቶሌዶ ጉባኤም በዚሁ በጾሙ ምክንያት በዓሉን ወደ ዲሴምበር 18 አዛውሮታል፤ ዲሴምበር 18 ደግሞ በዚያ አቆጣጠር የእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። የእስፓንያ ሲኖዶስ ውሳኔ በግዕዝ መጽሐፍ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ደጀ ሰላም እንዲህ አንድ ቀን ሳያዛንፍ መድረሱን ሳስብ፣ መጻሕፍት ከነገሥታት ይልቅ ሩቅ ይሄዳሉ እላለሁ።

መልአኩ የሌለበት ብሥራት

አሁን ቍልፉን የያዘ አንባቢ በአንድ አስቸጋሪ በር ላይ ይሞክረው። አንቶኔሎ ዳ መሲና በ1470ዎቹ ዓመታት የሣለው፣ በሲሲሊያ በፓሌርሞ ከተማ የሚገኝ ትንሽ ሥዕል አለ። ወርቅ የለውም፣ ርግብ የለውም፣ የሱፍ አበባም የለውም፤ ከሁሉ የሚገርመው መልአኩም የለም። ከጥቁር መደብ ፊት ለፊት ሰማያዊ ነጠላ የተከናነበች ወጣት ሴት ብቻ፣ መጽሐፉ ከፊቷ ባለው አትሮንስ ላይ ተዘርግቶ፣ በግራ እጇ ነጠላዋን ከደረቷ ላይ ገጥማ፣ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ትታያለች።

ጭውውቱ የት ላይ ቆመ? መልአኩ ሄዷል፤ ስለዚህ አምስተኛው ደረጃ ነው፤ ሁሉ ተፈጽሟል የሚሉ አሉ። አሳባቸው ደካማ አይደለም፤ ፊቷ ከድንጋጤ የጸዳ ነው፤ ዓይኗም ወደ ማንም ሳይሆን ጥቂት ወደ ጐን ያያል። እኔ ግን እጇን አይቼ ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ። የተዘረጋው እጅ የሚሰናበት እጅ አይደለም፤ ጣቶቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው፣ ቆይ፣ አስቀድሞ ይህን አስረዳኝ የሚሉ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ መልአኩ አልሄደም፤ ከሥዕሉ ውጭ፣ ተመልካቹ በቆመበት ስፍራ ቆሟል፤ መልሱንም መስጠት የሚገባው እርሱ ነው።